የቻላቸው ተራ

«ማዕረጉ ምን ነበር፣ ልጄ? ምን ብዬ ላልቅሰው?»

አልቃሿ ማንጠግቦሽ ቻላቸውን ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ይዛ የጠየቀችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ከቡይት ራስ በኩል የተጠራች ስለሆነች ሟቹን፣ የቻላቸውን ታናሽ ወንድም ገዱን፣ በሕይወት ሳለ አይታው አታውቅም። ሙሾ ከማውረዷ በፊት ጠይቃ መረዳት ልማዷ ነው፤ ገበሬውን ወታደር ብዬ ባለቅስ ሙታኑ ይታዘቡኛል ትላለች።

ቻላቸው ወደ ኋላው ገልመጥ አለ። ከዳባት አብረውት የመጡት መምህራን ባልደረቦቹ ከኋላው ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። የሚሰሙት መሰለው።

«ኢንጂነር ነበር» አለ። «የኮምፒውተር ኢንጂነር።»

«የተመረቀ?»

«አዎን፣ የተመረቀ።»

ከጊች የወረደችው አክስቱ ይህን ስትሰማ ወደ ቤት ገባችና ከእናቱ ሣጥን ውስጥ ጥቁር የምረቃ ጋወን አውጥታ መጣች። የሟች ልብስና ዕቃ ከፍ ብሎ ካልታየ ለቅሶ አይሞቅም። ጋወኑ የቻላቸው ነበር። ያን ጊዜ የእኔ ነው ብሎ ቢቀበላት ነገሩ በዚያው በቀረ፤ አፉ ግን አልታዘዘለትም። ማንጠግቦሽ ጋወኑን በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ መካከል ገባች፦

«የተማረው ልጅሽ ጋወን ለብሶ መጥቶ፣
ሊማሊሞ በላው ከመንገድ አድብቶ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እናቱ ገበያነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከተቀመጠችበት ቀና አለችና ጋወኑን አየች፤ ቀጥላ ቻላቸውን አየች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ልብሱ የየትኛው ልጇ እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ገዱ አባታቸው ሲታመም ዩኒቨርሲቲውን በሁለተኛ ዓመቱ ትቶ መጥቶ፣ ከአባቱም ሞት በኋላ እናቱን ብቻዋን መተው አልሆንልህ ብሎት፣ ከደባርቅ ገበያ ዳር ስልክ እየጠገነ የኖረ ልጅ ነው። የገበያው ጎረምሶች ይህን ስለሚያውቁ እርስ በርስ ተያዩ። የዳባት መምህራን ግን ለተማረው ወጣት ከንፈራቸውን መጠጡ።

ቻላቸው እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና ያችን ነገር ዳሰሳት። ከመዳፍ ጥቂት የምትበልጥ ጥቁር የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻ ናት፤ መካከሏ መስታወት፣ ግራና ቀኟ ቁልፍ። የገዱ ናት። የወንድሙ መርዶ ሲደርሰው ከመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ አውጥቶ ኪሱ የከተታት አንድ ሐሳብ ይዞ ነበር፤ ማንም ሳያይ ከገዱ ዕቃ ጋር ቀላቅሏት፣ እሱ ዘንድ ቆይታ እንደማታውቅ ሊያስመስል። እስካሁን ግን የገዱን ክፍል ከእንግዳ ጸድቶ አላገኘውም።

መጫወቻዋን ስሜን ተራራን ሊያይ የመጣ አንድ ቱሪስት ለጊች በቅሎ ነጂ ጉርሻ ሰጥቷት ነበር የሄደው። በቅሎ ነጂው ሬዲዮ መስላው ተራራ ለተራራ ይዟት ዞረ፤ በኋላ ጣቢያ አትይዝም ብሎ ደባርቅ ገበያ ላይ ለሱሌማን ሸጠለት። ሱሌማን ዕቃ ቤት ያለው የገዱ ባልንጀራ ነው፤ ገዱም ስልክ የሚጠግነው ከእሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ገዱ ገና እንዳያት ምን እንደሚያደርጋት ዐወቀ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ የለመደው ጨዋታ ነበር። የጦርነት ጨዋታ ይሉታል እንጂ ከተኩሱ ይልቅ አሳቡ ይበዛል። ከተማ ይቆረቆራል፣ እህል ይዘራል፣ ጎተራ ይሞላል፣ ጦር ይሰለፋል፤ አንዱ አስቦ ተራውን ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። ሠሪዎቹ ገበያው ሲቀዘቅዝባቸው የተሠራበትን ኮድ ለፈለገው ሁሉ ለቀውት ነበር። ገዱ ያንን ሰፊ ጨዋታ ወደዚች ትንሽ መጫወቻ ሊያሻግረው ተነሣ።

«ቪላ የለመደ ሰው ጎጆ እንደማስገባት ነው፣ ጋሼ» ብሎት ነበር፣ አንድ ቅዳሜ ሊያሳየው ዳባት ድረስ መጥቶ። «ዕቃው ሁሉ ይገባል። የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ብቻ ነው።»

ማውስ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ለአራት ቀስትና ለሁለት ቁልፍ አከፋፈለው። መጫወቻዋ ካርታውን በሙሉ መሸከም ሲያቅታት ቆራረጠውና፣ ለዓይን የሚታየውን ብቻ እንድትይዝ አደረጋት። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በዚያች ጠባብ መስታወት ላይ የጉንዳን ሰልፍ ሲመስልበት ጣለውና፣ ፊደላችንን ነጥብ በነጥብ እየሣለ በቦታው ተካ። እግረ መንገዱን ስንዴውን ገብስ፣ ፈረሱን በቅሎ አደረገው። ከተሞቹንም ዛሪማ፣ ጊች፣ ቡይት ራስ አላቸው። ሁለት ሰው በአንዲት መጫወቻ ስለሚቀባበል፣ ተራ በተጠናቀቀ ቁጥር መስታወቷ ትጨልምና «ገዱ ተራውን ጨርሷል። ለቻላቸው አቀብል።» የሚል ጽሑፍ ይወጣባታል።

እንዲህ ሆኖ መጫወቻዋ በዳባትና በደባርቅ ሚኒባስ መመላለስ ጀመረች። ረዳቱ ይግዛው ጠዋት ለቻላቸው ያደርሳታል፤ ማታ ለገዱ ይመልሳታል። ቻላቸው የቤቱን በር ዘግቶ ይጫወት ነበር። ደስ ይለው እንደነበር አሁን መካድ አይችልም። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ወንድሙን እንደዚያ ቀርቦት አያውቅም።

አንድ ቀን ይግዛው ቸኩሎ ኖሮ በቀጥታ መምህራኑ ካረፉበት ክፍል ገባ።

«መምህር፣ ገዱ ተራህ ነው ብሎሃል» አለና መጫወቻዋን ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱ ከቻላቸው ቀጥሎ ለእሱም ወረፋ እንዲያዝለት ለመነ። ሌላው ጡጦውስ አልተላከም ወይ ሲል ጠየቀ። ቻላቸው የጎረቤት ልጅ መጫወቻ ናት፣ ላሠራላት ልኬያት ነው አለ። ከዚያ መሳቢያው ውስጥ ጥሎ ቆለፈባት። ገዱ ደውሎ ደረሰችህ ወይ ሲለው፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ሲመቸኝ እልካታለሁ ብሎ መለሰለት። ታላቅን መወትወት ነውር ነውና ገዱ ዳግመኛ አልጠየቀም። ቻላቸውም ዛሬ ነገ ሲል ክረምቱ ወጣ።

ከቀብሩ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ነበሩ። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን፣ አሳቡም እንዳይነጉድ ሲባል የሚደረግ ነው። ጡጦ የጠየቀው መምህር ከሁሉ ይበልጥ ጮኾ ይጫወት ነበር። የልጅ ነገር ነው ያለው ሰው አልነበረም።

እናቱ ቻላቸውን አስጠርታ ከጎኗ ሰሌኑ ላይ አስቀመጠችው። ቤት ውስጥ ለጊዜው ሌላ ሰው አልነበረም።

«ቻሌ» አለችው። «ዳባት የሚወዳት ልጅ ነበረችው?»

«ማን?»

«ወንድምህ ነዋ። አንተ እዚያው ነህ፣ ታውቃለህ። ማታ ማታ የዳባት መኪና ጡሩምባ ሲነፋ የያዘውን ጥሎ መንገድ ይወጣ ነበር። ረዳቱን አነጋግሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የምትልክ እንዴት ያለች ኋላ ቀር ናት እያልኩ እስቅበት ነበር፤ እሱም ይስቃል።» የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው። «አልቆጣም። ማንም ትሁን፣ ትምጣና ከጎኔ ቁጭ ብላ ታልቅስ። ንገራት።»

ቻላቸው እጠይቃለሁ አላት። ተነሥቶ ወጣና ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ሱሌማን መጣ። አላህ ያጽናህ ብሎ ከጎኑ ተቀመጠና ከቀረበው ንፍሮ ቆንጠር አድርጎ ሳይበላው በእጁ ያዘ። ሁሉም የሚያውቀውን ደገመለት፤ የጭነት አይሱዙው ሊማሊሞን ቁልቁል ወደ ዛሪማ ሲወርድ ፍሬን እምቢ እንዳለው፣ ገዱ ከላይ ከጭነቱ ጋር እንደነበረ። ቻላቸው ወንድሙ ለተለመደው የስልክ ዕቃ የወረደ መስሎት ስለነበር ምን ሊያደርግ ዛሪማ እንደሄደ እስካሁን ማንንም አልጠየቀም።

«ያች መጫወቻ ከእጁ ወድቃ ተሰብራበት ነው እኮ፣ ጋሽ ቻላቸው» አለ ሱሌማን። «ኮምፒውተር ላይ የጻፈውን እሷ ላይ ጭኖ ካልሞከረው ዓይኑን እንደታሰረ ሰው ነው። ሥራው ቆመበት። ዛሪማ አንድ ሹፌር እንደሷ ያለች ይሸጣል ቢሉት ወረደ።»

«ተሰበረች አለህ?»

«ተሰበረች አለኝ። እስቲ ስብርባሪዋን አምጣት ስለው ጣልኳት አለ። እንዴት ይጣላል ብዬ ተቆጥቼው ነበር። አሁን እሱ ይቆጨኛል።»

ቻላቸው ካርታ የሚጫወቱትን ሰዎች እያየ ምንም አላየም። ገዱ የወንድሙን ነውር ለነፍስ ባልንጀራው እንኳ አልገለጠም፤ ጥፋቱን በራሱ እጅ ላይ አድርጎ፣ ቁጣውንም ተቀብሎ ወደ ሊማሊሞ ወረደ።

ከጋቢው ሥር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና መጫወቻዋን አውጥቶ ሱሌማን ጉልበት ላይ አኖራት። ሱሌማን አያት። አንሥቶ አገላበጣት፤ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረባትም። ቻላቸው አንገቱን ደፍቶ ቃል ጠበቀ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

«ባትሪዋ አልቋል» አለ ሱሌማን በመጨረሻ። «ቻርጀሯ እኔ ጋ ነው። ጠዋት ሞልቼ አመጣታለሁ።»

ንፍሮውን አፉ ውስጥ ጨመረና ተነሥቶ ሄደ።

በሰልስቱ ሱሌማን ቃሉን ጠብቆ አመጣት፤ ሰጥቶትም ወዲያው ተመለሰ። ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ስለነበር ቤቱ ጭር ብሏል። የገዱ ክፍል በር ገርበብ እንዳለ ነው። ከአልጋው ሥር ያለው ሣጥን ከዚያው ይታያል፤ ሁለት እርምጃ ቢራመድና ክዳኑን ቢያነሣ የመጣበት ነገር ያልቃል። ቻላቸው በሩ ላይ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሮ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠና መጫወቻዋን አበራት።

«ገዱ ተራውን ጨርሷል። ለቻላቸው አቀብል።»

ቁልፉን ሲጫነው ካርታው ተገለጠ። የእሱ ከተማ ጊች ነበረች። በር ዘግቶ በተጫወተበት የመጨረሻ ተራ ጦር ለማብዛት ሲል አለመዝራቱን አሁን አስታወሰ፤ ጎተራው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። እህል ካላገኘ በዚህ ተራ ሕዝቡ ይበተናል፣ ጨዋታውም ያበቃል። ከከተማዋ በር ላይ የገዱ ምልክት ያላቸው ሰልፈኞች ቆመዋል። ሊወጉት የመጡ መስሎት ቀስቱን አስጠጋ። ወታደሮች አልነበሩም። ገብስ የጫኑ በቅሎዎች ነበሩ። ማሸነፍ ሲችል ገዱ ስንቅ ልኮለት ነበር፤ በቅሎዎቹም ክረምቱን ሙሉ በመሳቢያው ጨለማ ውስጥ፣ ጭነታቸው ሳይራገፍ፣ በሩን እስኪከፍትላቸው ቆመው ጠብቀዋል።

በሩን ከፈተላቸው። ሌላ ምንም አላደረገም። ተራውን ጨርሶ ተነሣ።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ሲሞላ፣ ማንጠግቦሽ ጋወኑን ከአክስቱ ተቀብላ ልትዘረጋው ስትል ቻላቸው ከእጇ ወሰደው።

«ይህ የእኔ ነው፣ እትዬ» አላት። «ወንድሜ አልተመረቀም። ዋሽቼዎት ነው።»

ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ባልደረቦቹም ሰሙ። ማንጠግቦሽ አልተቆጣችም። ታዲያ ምን ብዬ ላልቅሰው ስትል ጠየቀችው። እሱ ግን አልፏት ሄዶ ከእናቱ ፊት ተንበረከከና መጫወቻዋን ጭኗ ላይ አኖረላት።

«እማዬ፣ ዳባት ሴት አልነበረችውም። ማታ ማታ የዳባት መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ወጥቶ የሚጠብቀው እኔን ነበር። ይህችን እንድመልስለት። ሰው ሳቀብኝ ብዬ አስቀረሁበት። ዛሪማ የወረደው በእሷ ምትክ ሌላ ሊገዛ ነው።»

ካርታ የያዙት እጃቸውን አወረዱ። ገበያነሽ ልጇን አላየችውም፤ እጇንም አልዘረጋችለትም። ጭኗ ላይ የምታበራዋን ነገር ብቻ ነበር የምታየው።

«ጽሑፍ አለባት» አለች። «ምን ትላለች?»

«ቻላቸው ተራውን ጨርሷል» ብሎ አነበበላት። «ለገዱ አቀብል፣ ትላለች።»

ከኋላው የማንጠግቦሽ ድምፅ ተሰማ። ወደ መካከል አልገባችም፤ ከቆመችበት ሆና ለራሷ እንደምታንጎራጉር ነበር፦

«የዳባት መኪና ጡሩምባ ሲነፋ፣
ወጥቶ የሚጠብቅ ልጅ ከመንገድ ጠፋ።»

ደረቱን የመታ አልነበረም። ገበያነሽ መጫወቻዋን አንሥታ መስታወቷን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ከጎኗ፣ ሰሌኑ ላይ፣ የገዱ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አንዱን እጥፋት ገለጠችና መጫወቻዋን በጀርባዋ አጋደመቻት፤ ከዚያ እንደተኛ ሕፃን እስከ አንገቷ አለበሰቻት። የምታበራውን መስታወት ግን አልሸፈነችውም።