ደመኛሞቹ ባልና ሚስት

ሙስተፋ ወንድሙን ጀማሉን የገደለው ሊገድለው ፈልጎ አልነበረም። ጀማሉ እንደለመደው ከቡታጅራ ገበያ ጀርባ ካለው አረቄ ቤት ሊያወጣው ሄደ። ሙስተፋ ገፈተረው። ጀማሉ የድንጋይ ደፍ ላይ ወደቀና አልተነሳም። ሙስተፋ ታሰረ።

በመንደሩ ደንብ፣ እርቅ እስኪወርድ ድረስ የሟችና የገዳይ ወገን ከአንድ ገበታ አይቆርስም፤ የገዳይ ወገን ለሟች አያለቅስም። ሽማግሎቹ ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ ቤት ሲያድሩ አይተው አያውቁም። ሲመክሩ ዋሉ።

«ደንብ ሰው አይመርጥም» አሉ በመጨረሻ ሼህ አሚኑ። የወንድማማቾቹ አባት በርበሬ ነጋዴው ሀቢቡ የሟች ወገን፣ ወደ እስር ቤት ስንቅ የምታመላልሰው እናት ሰፍያ የገዳይ ወገን እንዲሆኑ ተወሰነ።

ቤቱ መሀል ላይ የሰሌን መጋረጃ ቆመ። ሰፍያ ቆጮውን ለሁለት ትቆርጥና የባሏን ድርሻ በመጋረጃው ሥር ታሳልፋለች። ለቀስተኛ ሲመጣ ሀቢቡ ዘንድ ይቀመጣል። እሷ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ጎመን ትከትፋለች።

«የጀማሉ እናት፣ ውሃ አቀብይኝ» አላት ሀቢቡ አንድ ቀን ረስቶ።

«የሙስተፋ እናት ነኝ። ከደመኛህ እጅ ውሃ ትጠጣለህ?»

«ታዲያ ማን ይስጠኝ?»

«ሼህ አሚኑን ጠይቃቸው።»

ሙስተፋ እስር ቤት ውስጥ አረቄ አጥቶ ታመመ። አረቄ ካላመጣሽልኝ እሞታለሁ አላት። ሌላ ልጅ አልነበራትምና አረቄውን በውሃ ጠርሙስ ይዛለት ሄደች። በሩ ላይ ስንቅ ያመጣ ሰው አስቀድሞ መቅመስ አለበት። መጠጥ ቀምሳ የማታውቀው ሰፍያ ፊቷን ሳታጨማድድ ተጎነጨች። ዘቡም «ውሃ ነው» ብሎ አሳለፋት።

ዳኛው አቶ ገብረወልድ ቁርጡን ነገሯት፤ የሟች ወገን ካልታረቀ የሙስተፋ የምሕረት ማመልከቻ ወደ አዲስ አበባ አይሄድም።

«የሟች ወገን ማነው?»

«ባሌ ነው።»

«የገዳይስ?»

«እኔ ነኝ።»

አቶ ገብረወልድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እኛ ጎንደር እንዲህ ያለ ጉድ የለም» አሉ።

በእርቁ ቀን ሙስተፋ በካቴና ታስሮ፣ በፖሊስ ታጅቦ ጀፎረው ላይ፣ ከመንደሩ ሰፊ የሣር መንገድ ዳር ቆመ። ሀቢቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሰፍያ ድንጋይ ተሸክማ ከፊቱ ተንበረከከች። የሟች ወገን ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ምሕረት ማድረጉ ደንብ ነው።

«ማረን።»

«አልምርም።»

«ማረን።»

«አልምርም።»

ሽማግሎቹ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ።

«ማረን።»

«አልምርም።»

«ሀቢቡ፣ ሦስተኛው ነው እኮ» አሉ ሼህ አሚኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«መቁጠር እችላለሁ። ጀማሉ ልጄ ነው። አልምርም።»

ፖሊሱ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ሰፍያ ድንጋዩን አውርዳ ተነሳች።

«ሙስተፋስ የማን ልጅ ነው? የጎረቤት? ተነስ፣ ቦታ እንቀያየር!»

«ደንቡ…» አሉ ሼሁ።

«ደንቡ የሟች ወላጅ ይቀመጥ ነው የሚለው። እኔ አልወለድኩትም?»

ሀቢቡ ተነሣ። ድንጋዩን ጫንቃው ላይ ሲያደርግ ጉልበቱ ተንቋቋ። ሲንበረከክ ሙስተፋን ቀና ብሎ አየው፤ ልጁ ከታሰረ ወዲህ አይቶት አያውቅም ነበር።

«ማሪን» አለ።

«አልምርም» አለች ሰፍያ።

«ማሪን።»

«አልምርም።» ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላት።

«ማሪን፣ ሰፍያ።»

ሰፍያ ሻሿን ያዘች።

«በይ እንጂ፣ የሙስተፋ እናት» አሉ ሼህ አሚኑ።

«እዚህ ስቀመጥ የጀማሉ እናት ነኝ።»

«እሺ፣ የጀማሉ እናት። ምሬያለሁ በይ።»

«እምራለሁ። ግን የልጄን ለቅሶ አልደረስኩም። መጀመሪያ ላልቅስ።»

ሻሿን አወረደች። ፖሊሱ እስረኛው የሚመለስበት ሰዓት ደርሷል ቢል ሰሚ አላገኘም። ለቅሶዋ ከመንደሩ ጫፍ ተሰማ። ሀቢቡም ድንጋዩን እንደተሸከመ አብሯት ማልቀስ ጀመረ።

«ሀቢቡ፣ አሁን እኮ አንተ የገዳይ ወገን ነህ፤ ማልቀስ…» ብለው ጀመሩ ሼህ አሚኑ። አልጨረሱትም።