ዘጠኙ ቀን እስኪያልቅ

ዳኘ ወሬውን ይዞ የመጣው የዘጠኝ ቀኑ ጸሎት በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ግንቦት ሃያ ስምንት ነው። ትርፊት ከገበያ የተረፋትን ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ባለው መታጠፊያ ላይ ቆሞ አገኘችው። ዳኘ የጓደኛዋ የሰብሌ ባል ወንድም ነው፤ ባልየው ከሞተ ወዲህ የሰብሌን ቤት ጉዳይ የሚያየው እሱ ነው። በደህናው ቀን የከብቱንም የዝናቡንም ነገር ሳይጠይቅ የማይለቅ ሰው፣ የዚያን ዕለት ሰላምታውን በሁለት ቃል ጨረሰው።

«የሕዝቅኤል እናት፣ ጠንከር በይ» አላት። «ሚክያስ የለም።»

ሚክያስ የሰብሌ ልጅ ነው፤ ሕዝቅኤል የትርፊት። ሁለቱም በጥር ወር በአንድ ደላላ፣ በአንድ መኪና፣ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሥተዋል። ታንዛኒያ ደርሰናል ብለው ከደወሉ ወዲህ ሁለት ወር ሊሆን ነው፤ ድምፃቸው ጠፍቷል። ስለዚህ ትርፊት ስለ ሚክያስ ምንም አልጠየቀችም።

«የእኔስ?» አለች።

«ያንቺ ደህና ነው። ማላዊ ላይ ፖሊስ ይዞት ካምፕ ውስጥ ነው። ያየው ሰው አለ።»

«ተመስገን!»

ጮክ ብላ አላለችውም፤ ግን አለችው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የማን ልጅ እንደሞተ የገባት። ቆጮዋን መሬት አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ዳኘም መንገደኛ እንዳያያት ከፊቷ ቆመላት። በተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍኖ ነው አላት። እዚያው ቀብረውታል።

መርዶ በእነዚህ ከተሞች ዝም ብሎ በአፍ አይወረወርም። መጀመሪያ ለእናትየው የቅርብ ወዳጅ ይነገራል፤ እሷም ቤቷ ትመላለሳለች፣ ታበላታለች፣ ስልኳን ትሸሽጋለች፣ ወሬ ያለውን ሰው ከደጇ ትመልሳለች፤ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ በማለዳ በሯን እስኪያንኳኳ ድረስ እየዋሸች ትይዛታለች። ለመርዶ ሲባል የተዋሸውን ውሸት ካህን ፊት ቀርቦ የሚናዘዝ ሰው የለም፤ ኃጢአት መሆኑንም የሚያስብ የለም።

«ጸሎት የያዘችን እናት እንዴት እናቋርጣት?» አለ ዳኘ። «ከዶዮገናም ከአንጋጫም የሚመጣ ዘመድ አለ። ዘጠኙ ቀን ይለቅ፤ ሰኔ ስድስት ጠዋት እንነግራታለን። እስከዚያ አንቺ ያዣት። ከአንቺ በቀር ማን አላት?»

እውነቱን ነው፤ ሌላ ሰው የላትም። ሁለቱ ሴቶች የተዋወቁት በመቁጠሪያ ማኅበር ነው፤ ባሎቻቸው በአንድ ዓመት ሞተው፣ ሐዘን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ትርፊት የሆመቾ ልጅ ናት፤ ካቶሊክነት ከእናቷ ወተት ጋር የመጣላት። ሰብሌ ግን ከሰሜን የመጡ ኦርቶዶክስ አስተማሪዎች ልጅ ስትሆን፣ ካቶሊክ የሆነችው ባል ስታገባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጠፋ ነገር የሚያስገኘው ቅዱስ አንጦንዮስ የበረሃው መነኩሴ አባ እንጦንስ እየመሰላት፣ ለአንዱ ስዕል ተንበርክካ ሌላውን ትለምን ነበር። ትርፊት ይህን በሰማች ጊዜ እስኪያማት ስቃ፣ «ግድ የለም፤ ሁለቱም ሰምተውሽ ይሆናል» ብላታለች። ልጆቹ ድምፃቸው ሲጠፋ ኖቬናውን፣ የዘጠኝ ቀኑን ጸሎት፣ ለአንጦንዮስ እንያዝ ያለችው ሰብሌ ናት። የጠፋ የሚያገኝ እሱ ነው፤ በዓሉም ሰኔ ስድስት ነው፤ ዘጠኙ ቀን በዋዜማው ያልቃል።

ትርፊት በዚያው ዕለት፣ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ፊቷን ታጥባ ሰብሌ ቤት ሄደች። ከአንጦንዮስ ስዕል ሥር ተንበርክከው መቁጠሪያውን ደገሙ፤ ቀጥሎም ሰብሌ ከመጽሐፏ የዕለቱን ጸሎት አነበበች። እዚያ ጸሎት መሐል «የምትለምኑትን በልባችሁ አስቡ» የሚል አለ፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይባላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ትርፊት ለሚክያስ ነፍስ ልትለምን አሰበች። የመጣላት ግን «የእኔን ጠብቅልኝ» የሚል ነው። ደግማ ሞከረች፤ ያው መጣ። በራሷ አፈረች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። በየቀኑ ገበያዋን በጊዜ ዘግታ፣ ቡላ ገንፎ አገንፍታ፣ መሐሉን በቅቤ ሞልታ ትወስድላታለች። ለለቅሶ አቅም ያስፈልጋል። ሰብሌ ደግሞ በበኩሏ ዶሮ አርዳ ትጠብቃለች። «ብዪ እንጂ!» ትላታለች ትርፊት። «አንቺ ብዪ፤ ከስተሻል» ትላለች ሰብሌ። ሁለቱም የማይወርድላቸውን ምግብ እየተጎራረሱ ይውጡታል። የዚች ሴት ደግነት ትርፊትን አንጀቷን አቃጠላት። ምነው ዛሬ እንኳ ብትቆጣኝ፣ ምነው ብትሰድበኝ አለች በልቧ።

የሰብሌን ስልክ ለመውሰድ ደግሞ ዘዴ አላጣችም። ፌስቡክ ላይ የሚክያስን ፎቶ የለጠፈ ልጅ አለ ተብሏል። «ድምፁ አይሰማም፤ ላሠራልሽ» ብላ ስትጠይቃት፣ ሰብሌ ሳታቅማማ አውጥታ ሰጠቻት። እንዲያውም የትርፊትን ስልክ ተቀብላ፣ «ያንቺስ ሲም ካርዱ ልክ ነው? እስቲ ልየው» አለችና ስትነካካው ቆየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የትርፊትም ስልክ ኔትወርክ እምቢ አለ። ትርፊት ነገሬ አላለችውም፤ የሆሳዕና ኔትወርክ መቼ ሰው ያምነዋል?

ከሁሉ የከበዳት መጠራራቱ ነው። እነዚህ ሴቶች በገዛ ስማቸው ተጠራርተው አያውቁም፤ አንዷ «የሚክያስ እናት» ሌላዋ «የሕዝቅኤል እናት» ናት። ትርፊት «የሚክያስ እናት፣ ውኃ አቀብዪኝ» ባለች ቁጥር ዓይኗን ከሰብሌ ታሸሻለች። ሰብሌም «የሕዝቅኤል እናት» ስትላት ድምፅዋን ታለሳልሰዋለች፤ የታመመ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። አታውቅም እኮ፣ ምስኪን፣ እያለች ትርፊት ታዝንላታለች።

ስምንተኛው ቀን ሰኔ አራት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚጸልዩት። አሁን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። መቁጠሪያ ሲደገም በየአሥሩ «ሰላም ለኪ» መጨረሻ «ክብር ለአብ» ይባላል። ለሞተ ሰው ሲደገም ግን በዚያ ፋንታ «ዘለዓለማዊ ዕረፍት ስጠው» ነው የሚባለው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የሰፈሩን ለቅሶ ሁሉ መቁጠሪያ ሲመሩ የኖሩ ናቸው፤ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ያደረ ነው።

ሦስተኛው አሥር አለቀ። ትርፊት ዓይኗን ጨፍናለች። ልቧ ውስጥ ያለው ያ የተዘጋ መኪና ነው፤ ሚክያስ ነው፤ ትንሽ ልጅ ሳለ ከሕዝቅኤል ጋር ገበያ መጥቶ ቆጮዋ ላይ ተኝቶ የነበረበት ቀን ነው።

«ዘለዓለማዊ ዕረፍት ስጠው፣ ጌታ ሆይ፤ የዘለዓለም ብርሃን ያብራለት» አለች።

ብቻዋን አላለችውም። አጠገቧ ያለችው ሰብሌም እኩል ጀምራ እኩል ጨርሳዋለች።

ዓይኖቻቸውን ገለጡ። አውቃለች ማለት ነው! ይህን ሁሉ ቀን አውቃ ነው!

«ማን ነገረሽ?» አለቻት።

«አንቺስ ማን ነገረሽ?» አለች ሰብሌ። «መልካሙ እኮ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል።»

መልካሙ የትርፊት ወንድም ነው፤ ታላቋ።

«መልካሙ ስለ ሚክያስ ምን አገባው?» አለች ትርፊት። «እኔን የነገረኝ ዳኘ ነው።»

«ስለ ሚክያስ?»

ከዚህ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም፤ የሚበቃቸውን ያህል ብቻ። መልካሙ በዚያው በግንቦት ሃያ ስምንት ሰብሌን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቆ ሕዝቅኤል እንደሞተ ነግሯታል፤ እህቴን አንቺ ያዢልኝ ብሎ። የእኔስ ልጅ ስትለው፣ ያንቺ ደህና ነው፣ ማላዊ ካምፕ ውስጥ ነው፣ ያየው ሰው አለ ብሏታል። ቃሉ አንድ ነው። ሁለቱ ወንዶች ቁጭ ብለው መክረው ያወጡት ብልሃት ነው፤ ሁለት መርዶ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሰው ሲያጡ፣ ሁለቱን እናቶች እርስ በርሳቸው አስያዟቸው። ክፋት አስበው አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ግን ጠላትም አያስበውም።

ትርፊት ለአንድ አፍታ ሌላ ነገር ፈለገች። ምናልባት የዋሸው አንደኛው ብቻ ቢሆንስ? ግን መልካሙ የገዛ እህቱን ልጅ በሕይወት እያለ ሞተ አይልም። ዳኘም የወንድሙን ልጅ እንዲሁ። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሥጋ እውነቱን ተናግሮ፣ ስለ ሌላው ነው የዋሸው።

ትርፊት ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ሰብሌ ዘልላ አፏን በመዳፏ ዘጋችው።

«እንዳትጮኺ!» አለቻት። «ከጮኽሽ ሞቱ። ነገ አንድ ቀን አለን። አልነገሩንም እኮ። አልሰማንም።»

ትርፊት በመዳፉ ውስጥ ጮኸች። ድምፁ አልወጣም። ሰብሌም በሌላ እጇ የራሷን አፍ ያዘች፤ እንደዚያ ተያይዘው መሬቱ ላይ ተወዘወዙ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እያንጣጣ ሸፈነላቸው። ከዚያ ፊታቸውን ተጣጥበው የቀሩትን ሁለት አሥሮች ደገሙ።

በዘጠነኛው ቀን የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ለመዝጊያው መጡ። በዚያ ቤት ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን እንዳላወቀ ሆኖ ነው የተቀመጠው። አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጸልያለች፤ ሌላዋ ያለ ምክንያት የሰብሌን ትከሻ ትዳስሳለች። ሁለቱ እናቶች ግን ምግብ አቀረቡ፤ አሳሳቁም። ትርፊት ያንን የአንጦንዮስንና የእንጦንስን ታሪክ እንደገና አወራች፤ ሴቶቹ ሳቁላት፤ ሲስቁም እንባቸውን ጠረጉ። ልጄ ከካምፕ ሲፈታ ይደውላል አለች ትርፊት። የእኔም አብሮት ነው አለች ሰብሌ።

ሲመሽ ትርፊት ቤቷ አልሄደችም። አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኙ፤ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

ወገግ ሲል በጭቃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ። ወንዶች ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመጣሉ። የሆነ ሰው ጃንጥላ ሲያጥፍ፣ ሌላው በሀዲይኛ የሆነ ነገር ሲያንሾካሹክ ትርፊት ሰማች። አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ገባት።

«ሰብሌ» አለች፤ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ዳኘ ሲነግረኝ ተመስገን ብያለሁ። ያንቺ ሞቶ የእኔ ተረፈ ሲለኝ፣ ተመስገን አልኩ።»

ሰብሌ ወደ እሷ ዞረች።

«እኔ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የምስጋና ሻማ አበራሁ» አለች።

በሩ ተንኳኳ። ትርፊት ልትከፍት ስትነሣ ሰብሌ ቀሚሷን ይዛ አስቀረቻት። ዳኘና መልካሙ ከውጭ ቆመው ሦስት ጊዜ እስኪያንኳኩ ድረስ፣ ሁለቱም ገና ልጆች ነበሯቸው።