አሻግሬን የደበቀው ማን ነው?

«አሻግሬ የት ነው?» አላት የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ገና ከበሩ ሳትዘልቅ።

አልታየችን ፊደል ያስቆጠራት የለም፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅማ ነው የያዘችው። ምላሷን ግን እግዜር ራሱ ስሎ ነው የሰጣት። ዛሬ ያ ምላስ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። በዚያ ሰሞን በአብዮት ጠባቂ ተነድቶ ቀበሌ የገባ ሁሉ አይወጣም ነበር።

«ሰማይ ላይ» አለች።

ሊቀመንበሩ ጓድ መለሰ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። «ታሾፊብኛለሽ?»

እውነቷን ነበር። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ፣ እሷና ጎረቤቷ ፈንታው የእህል መኪና ሲጠብቁ፣ ሆዳቸውን ለማታለል አንዲት መርከብ ፈጠሩ፤ ድርቅ ያባረረውን የወሎ ሰው ጭና ከኮከብ ኮከብ ዝናብ የምታፈላልግ። መሪዋን አሻግሬ አሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በዚያችው መርከብ፣ በዚያው ሰማይ፣ የየራሳቸውን ታሪክ እየጻፉ በገበያ ቀን መካነ ሰላም ገበያ ላይ ለሰው ያነባሉ።

ባለፈው ገበያ ታዲያ አብዮት ጠባቂው ጀብሪል ሁለት ሴቶች ሲጨቃጨቁ ሰማ። «አሻግሬ ሞቷል!» «አልሞተም፤ ፈንታው ደብቆታል!» ሮጦ አመለከተ።

«ወላሂ በጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለ ጀብሪል አሁንም፣ በሩ ጋ እንደቆመ። «መርከብም አለው አሉ።»

«የተረት ሰው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች አልታየች። « እሱም ቢሆን ሞቷል። የገደልኩት እኔው ነኝ።»

«ገደልሽው?!»

«ሰባተኛው ኮከብ ላይ። በውሃ ጥም።»

«ፈንታው ደግሞ በሕይወት አለ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል! ጀብሪል፣ አምጣው!»

ፈንታው ከጓዳው ተገፍትሮ ገባ። ቃል ለሁለት ሲከፈል ምን እንደሚከተል አልታየች ታውቃለች። ፊቱን ስታይ ግን ንዴቷ ፍርሃቷን ቀደመው።

«አንተ! ቀብሬው የለም እንዴ? ማን ፈቅዶልህ ነው የምታስነሳብኝ?»

«መቼ ቀበርሽው? ጉድጓዱን ሳትደፍኚ ታሪኩን ጨረስሽ። እኔ ደግሞ ገብቼ አወጣሁት።»

«በምን ትንፋሹ? ኮከቡ አየር የለውም አልኩ እኮ!»

«አምና ዛፍ ተክዬበታለሁ! የሰው አታነቢ፤ የራስሽን ብቻ!»

«ዝናብ በሌለበት ዛፍ! አባትህ ገበሬ ነው ሲሉ አታፍርም?»

ጓድ መለሰ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

«ጀብሪል፣ በል ሂድና ሰባተኛው ኮከብ ላይ ያዘው።»

«በየት በኩል ነው መንገዱ፣ ጓድ?»

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡልኝ!» አለ እንባውን እየጠረገ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ጠራቸው፤ ድምፁ የሊቀመንበር መሆኑ ቀርቶ የአገር ሰው ድምፅ ሆኗል። «ቆዩማ። ሰውየውስ? ሞተ ወይስ ዳነ?»

አልታየች የጻፈችውን ለማንም ሰርዛ አታውቅም። ፈንታውን አየችው፤ ግንባሩ ላይ የደረቀ ደም ነበር።

«እኛ ከዚህ ከወጣን እሱ ለምን እዚያ ይቀራል?» አለች። «ድኗል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጀብሪል።

ውጭ እንደወጡ መጀመሪያ ያገኘችው ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች።

«አብሽሪ፣ አለፈ እኮ» አላት ፈንታው።

«ዝም በል» አለችው ዓይኗን ጨፍና። «በዛፍህ አየር ልተንፍስበት።»