የአምለሰት የመጀመሪያ ማመልከቻ

«እማዬ፣ የቱን ልውሰድ?»

አስመረት እናቷን አምለሰትን ጠየቀቻት። ቦሌ ጎረቤታቸው የነበረው የውጭ አገር መምህር ውሉ አልቆ ሊሄድ ሲል፣ ከሁለት ቴሌስኮፖቹ አንዱን ምረጪ ብሎ ለልጇ ሰጥቷታል። አንደኛው ቀጭን፣ ባለሌንስ ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሌላው ባለመስታወት፣ እንደ በርሜል የወፈረ።

«የዚህ መስታወቱ ሰፊ ነው። ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ ደብዛዛውን ኮከብ ሁሉ ያሳያል።»

«ይሄማ መድፍ ይመስላል! አውሮፕላን ማረፊያው እኮ አፍንጫችን ሥር ነው።»

«መድፍ ከሆነ ተኳሿ አንቺ ነሽ» ብላ አስመረት ሳቀች። ባለመስታወቱን ይዛ መጣች።

አምለሰት እንቅልፍ አጣች። ሰው ሰላይ ናቸው ብሎ ሳይጠቁምባቸው ቀድማ ራሷ ብታሳውቅ ልጇን የምታድናት መሰላት። መሠረተ ትምህርት ከገባች ሰባት ወሯ ነበር፤ ፊደል ያስጠናቻትም አስመረት ናት። ሦስት ቀን ስትጽፍ ስትሰርዝ ቆይታ ለቀበሌው ማመልከቻ አስገባች። «ልጄ ሰማይ የምታይበት ዕቃ አላት። ክፉ ነገር የለበትም።»

በሳምንቱ ሁለት የቀበሌ ሰዎች ወረቀቱን ይዘው መጡ።

«እናታችን፣ ንቃትዎ የሚደነቅ ነው። ዕቃው ይመረመራል» ብለው ቴሌስኮፑን ተሸክመው ወጡ።

አስመረት ወረቀቱ ላይ የእናቷን የእጅ ጽሕፈት አይታለች። አልጮኸችም።

«ቀጭኑን ውሰጂ ብትዪኝ እኮ እወስድ ነበር» አለች።

ቴሌስኮፑ አልተመለሰም። በጥቅምት አስመረት ደሴ ሥራ አግኝታ ከላምበረት መናኸሪያ በአውቶቡስ ሄደች፤ አምለሰት ቦሌ ቀረች።