የአቶ ልዑልቃል ወፍ

አቶ ልዑልቃል ጡረታ ወጥተው የሚቆጣጠሩት ሠራተኛ ቢያጡ፣ ቦንጋ ባለው ግቢያቸው አቮካዶ ዛፍ ላይ ለወፎች የሳንቃ ቤት ሠርተው ሰቀሉ። አንዲት ወፍ ሣር ይዛ ስትገባ ደስታቸው ወሰን አጣ። ግን አላስቻላቸውም፤ ጠዋት ማታ መሰላል እየወጡ ክዳኑን ከፍተው፣ "ሥራው ከምን ደረሰ?" ይሏት ጀመር። ወፏም ምርር ሲላት፣ በጎረቤታቸው በእትዬ ዝማሬ አጥር ላይ ወደተንጠለጠለ ቀዳዳ ጀሪካን ተዛወረች።

አቶ ልዑልቃል በቁጣ ሄዱ። "ወፌን አባብለው ወሰዱብኝ!"

"ኧረ እኔ ዞር ብዬም አላየኋት!" አሉ እትዬ ዝማሬ።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግን አቶ ልዑልቃል ለመጣ እንግዳ ሁሉ በአጥሩ በኩል እያሳዩ፣ "እናትየዋን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ" ማለት ጀመሩ።