«ሞልቷል» የሚለው በተን

የሰደበኝ የእህቴ ባል ነው። ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ምሳ፣ ቦታው የገዛ ሳሎኑ። ልጃቸው ሚጢ እኔ የምሠራበት ኮሌጅ የገባች ሰሞን ነው። እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ሸሚዜን አስተኩሼ ሄጄ፣ ገና ማንኪያ ሳላነሳ ወደ ልጅቷ ዞር አለና፣ «ግቢ ውስጥ አጎትሽን ባየሽ ቁጥር እየሮጥሽ ሰላም አትበይ። ቁልፍ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ዘመዴ ነው ካልሽ ማን ከቁም ነገር ይቆጥርሻል?» አላት። እኔ እዚያው ነኝ እኮ። ውሃ አቀብለኝ ቢለኝ የማቀብለው ያህል ቅርብ ነኝ። እህቴ ዓይኗን ጨው መያዣው ላይ ተከለች። ሚጢ ዝም አለች። የሱ ስድብ ለሱ ይሁንለት፤ እኔን የበላኝ የልጅቷ ዝምታ ነው።

እሱ የሌላ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ደብተር አልያዝኩም። ሰው ቂመኛ ይለኛል። ቂመኛ አይደለሁም፤ የማስታወስ ችሎታዬ ጥሩ ነው እንጂ።

ግቢያችን ሲሚንቶ ብቻ ነው። ዛፎቹን ለመኪና ማቆሚያ ብለው ጨርሰዋቸዋል። ሙቀቱ ሲመጣ የክፍሎቹ ቆርቆሮ ይንጣጣል፣ ተማሪው ደብተሩን ማራገቢያ አድርጎ ከግድግዳ ግድግዳ ሲሸሽ ይውላል። ሚጢ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ከአንድ የክፍል ጓደኛዋ ጋር፣ እኔ ረጅሙ ነው የምለው፣ ለዓመቱ ፕሮጀክት የስልክ አፕ እንሥራ አሉ። አፑ ተማሪው የቆመበትን አይቶ በአቅራቢያው ያለውን ቀዝቃዛ ቦታ ያሳያል። የሚያቃጥለው ቀይ፣ ቀዝቀዝ ያለው ሰማያዊ። ቴርሞሜትር ይዘው የግቢውን ጥግ ሁሉ ሲለኩ አያቸው ነበር።

እንዲህ ሲዞሩ እኔ ጋ ደረሱ። የአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ቁልፍ ያዥ ነኝ። የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሹራብ ያስመኛል። ሰው በሌለበት ብቻ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምታልፈኝ ልጅ አሁን ረጅሙን አስከትላ ደረጃውን ወረደች። ምን ብላ ታስተዋውቀኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው» አለችው።

እሳቸው አለችኝ፣ እንደ ባዳ። ዋጥ አድርጌ ከፈትኩላቸው።

አፑ ሥራ የጀመረ ዕለት ጉድ ሆነ። ቀዝቃዛ ቦታ ለፈለገ ሁሉ የሚያሳየው ያንኑ የኔን ኮሪደር ነው። ግቢው እንዳለ ተግተልትሎ መጣ፤ ትንፋሹም ላፕቶፑም ተጨማምሮ ኮሪደሬ ምድጃ ሆነ። ረጅሙ ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ። እኔ ነገሩን ሁሉ በጫማ ሽታ አሳበብኩ። ሚጢ ግን በማግስቱ መላውን ይዛ መጣች። ስልኬን ተቀብላ የሆነ ነገር ጫነችበት፤ ካርታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሁለት በተን ብቻ፦ «ቦታ አለ» እና «ሞልቷል»። ሰው ሲበዛ ሁለተኛውን ስነካ አፑ የቀረውን ወደ ሌላ ጥላ ይልካል።

ያቺን በተን ወደድኳት። ዕድሜዬን ሙሉ እንቢ የምልበት ነገር የሰጠኝ ሰው የለም። አንድ ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ በስብሰባ መሃል «አንተ ቁልፍ» ብሎ የጠራኝ እሱ፣ ስልኩን እያየ አንገቱን እየጠረገ ሲመጣ አየሁት። ነካሁ። ቆም አለ፣ ስልኩን አየ፣ ወደ ፀሐዩ ተመለሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀጥሎ ገንዘብ ያዧ መጣች፤ እሷም ታውቀዋለች ያደረገችኝን። ቀጥሎ በር ላይ ቦርሳዬን የሚበረብረው ጥበቃ። ምኑ ቅጡ፣ የሚመጣው ሁሉ የሆነ ጊዜ የሆነ ነገር ያለኝ ሰው ሆኖ አረፈው።

ሚጢ ደረጃውን ስትወርድ «ሞልቷል» በተባለ ኮሪደር ውስጥ እግሬን ዘርግቼ ብቻዬን ተቀምጬ አገኘችኝ።

«አጎቴ» አለች፤ ለብቻችን ስንሆን አጎቴ ነኝ፤ «ማን ነው የሞላው?»

አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ማን መቼ ምን እንዳለኝ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ የሐሙሱን ነገር አነሳች። ሐሙስ መምህራኖቿ አፑን ይፈትኑታል፣ ቦታዎቹ ድረስ ሄደው ያያሉ። ባዶውን ሞልቷል ካለ ፕሮጀክቱ ወደቀ፣ እነሱም ዓመቱን ይደግማሉ።

«አባዬም ተጠርቷል» አለች። «እሱን እንዳታባርርብኝ።»

ቃል መግባት አልወድም።

ሐሙስ ደረጃው አፍ ላይ ቆሜያለሁ። ፕሮጀክቱ ከቀረበበት አዳራሽ ወጡ። ከፊት እሱ ነው፤ በዚያ ሙቀት ኮትና ክራባት፣ ስልኩን እንደሞላ ብርጭቆ ተጠንቅቆ ይዞ። ከኋላው መምህራኑ፣ ረጅሙና ሚጢ። አውራ ጣቴ በተኗ ላይ ናት። አንዴ መንካት ብቻ ነው፤ ያ እሁድ ከነጨው መያዣው ዓይኔ ላይ መጣ። ቀና ስል ሚጢ እያየችኝ ነው። ፊቷን አላጨማደደችም፣ አልለመነችኝም፤ ብቻ ታየኛለች።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ከመምህራኑ አንዷ ከስልካቸው ላይ እያነበቡ፣ «ይሄ "አጎቴ ጋ" የሚለው የቱ ነው? የማን አጎት?» አሉ።

ካርታውን አይቼው አላውቅም፤ የኔው ስልክ ላይ ያለው ሁለት በተን ነው።

«የኔ ነዋ» አለች ሚጢ። «የእናቴ ወንድም ነው። ያውላችሁ፣ በሩ ላይ የቆመው።»

ረጅሙም፣ ተማሪው ሁሉ ቦታውን እንዲያ ብሎ እንደሚጠራው ጨመረላቸው። የእህቴ ባል መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፤ ከላቡ ይሁን ከሌላ ነገር እሱ ያውቃል። አስገባኋቸው። መምህራኑ ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ ቴርሞሜትሩን እያዩ፣ እርስ በርስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደሚቀጥለው ቦታ ወጡ። እሱ ቀረ። ካሉኝ ወንበሮች እግሩ ያልተሰበረው አንድ ብቻ ነው፤ የምቀመጥበት። እሱን ሳብኩለት። ክራባቱን ፈታ አድርጎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማ፣ ያኔ የተናገርኩትን ይዘህብኝ ነበር እንዴ?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለኝ። መንገድ ስሄድ፣ በር ስቆልፍ፣ እያሳመርኩ የኖርኩት ነው፤ አጭርም አለው ረጅምም። አፌ ላይ ደርሶ ሳለ ከላይ የሚጢ ድምፅ መጣ፤ «አጎቴ፣ ና እስኪ፣ በተኗ እንዴት እንደምትሠራ ለነዚህ አሳያቸው» ትላለች። እነዚህ ያለቻቸው መምህራኖቿን ነው።

ቁልፌን ከሚስማሩ ላይ አነሳሁ። ወንበሩ ተመቸህ ወይ ብዬ እንኳ ሳልጠይቀው ደረጃውን ወጣሁ።