ባሕሩን በአንድ ጉንጭ

ባሌ ኤልድሪክ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ተመሳስሎ አደባባይ በሚጨፍርበት በካርኒቫል ሰኞ የሽፍታ ልብስ ለብሶ ሲወጣ፣ በሰፈራችን በቤልሞንት በፉከራ የረታው የለም። ባሌ ስለሆነ አይደለም የምለው፤ ቤት ውስጥማ «ጨው አቀብዪኝ» ለማለት እንኳ የሚያቅተው ዝምተኛ ነው። ያን ጠረጴዛ የሚያክል ባርኔጣ ሲደፋ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እኔም ዘርፉን ስሰፋ ፉከራውን ከእሱ እኩል ሸምድጄዋለሁ።

አምና ታሞ ከተነሣ ወዲህ ቃል ይጠፋበት ጀመር። ዘንድሮ ይቅርብህ ስለው «ታዲያ ባርኔጣዬን ምስጥ ይብላው?» ብሎኝ ወጣ። የሰፈራችን ደንብ ደግሞ ጨካኝ ነው። ሁለት ሽፍቶች መንገድ ላይ ከተገናኙ ይፋከራሉ፤ ቃል ያለቀበት ባርኔጣውን ያስረክባል። በስልሳ ስምንት ዓመቱ ባርኔጣውን የተነጠቀ ሰው ሌላ አያሰፋም።

ዳቦ ቤቱ ጥግ ካዲን የምትባል ወጣት ሽፍታ ጥቁር ካባዋን እያርገበገበች ገጠመችው።

«አንተ ሽማግሌ፣ እኔ ሳስነጥስ ተራራ ቦታ ይለውጣል። ባርኔጣህን ወዲህ በል።»

ሕዝቡ ሳቀ። እውነት ለመናገር ጎበዝ ናት።

ኤልድሪክ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ፊሽካ ነፋ። «እኔ የተወለድኩ ለት ፀሐይ ደንግጣ ሦስት ቀን ተሸሸገች።» ያ ድምፁ ዛሬም ያስፈራል። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። ሰው ማሳመሪያ መሰለው፤ እኔ ግን ቃሉ እንደጠፋበት ገባኝ። ካዲን እጇን ወደ ባርኔጣው ዘረጋች።

ቃሉን ብነግረው ውርደት ነው፤ ሚስቱ ቃል የምታስታውሰውን ሽፍታ ማን ይፈራል? ግን ይህ ሰው ዝምተኛ ቢሆንም፣ እኔ ስሳሳት ሳያርመኝ አልፎ አያውቅም። ከሰው መሃል ወጣሁ።

«የኔ ልጅ፣» አልኳት ካዲንን፣ «ከማን ጋር እንደቆምሽ አላወቅሽም። ይህ እኮ ባሕሩን በሁለት ጉንጭ የጠጣ ሰው ነው።»

«በሁለት?» ኤልድሪክ ዞሮ አፈጠጠብኝ። «አንቺ ሴት፣ ስሜን አታጥፊ። በአንድ ጉንጭ ነው የጠጣሁት። ዓሣዎቹ በደረቅ መሬት ተሰልፈው ውሃ ለመኑኝ፤ የገዛ እንባቸውን መልሼ ሸጥኩላቸው።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ካዲን እየሳቀች ባርኔጣዋን አወለቀች። «በቃኝ አባቴ» ብትለውም እሱ ገና ግማሽ ላይ ነበር። እንዴት እንደኮራሁበት።

ሁለቱን ባርኔጣ ተሸክሜ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ሜርል፣» አለኝ፣ «ሠላሳ ዓመት ሰምተሽ እንዴት በሁለት ትያለሽ?»

«እርጅና ነው መሰለኝ። ቃል ይጠፋብኛል።»

ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «አይዞሽ፣» አለኝ፣ «እኔ አለሁልሽ።»